የደሙን መሬት ማን ገዛው? እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ትርጓሜ የተማራችሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለወጣቶች የሐዋርያት ሥራን እያስጠናሁ ገና ከምዕራፍ 1 ሳልወጣ ተይዣለሁ።

ማቴዎስ 27 ላይ ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠበትን 30 ብር ቤተ መቅደስ ውስጥ ጥሎ ሄዶ ታነቀ። የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር እንዲሆን የገዙት የካህናት አለቆች ናቸው። የሐዋርያት ሥራ 1፥18 ግን ገዢው ራሱ ይሁዳ ነው ይላል፤ የሞተውም በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንጀቱ ተዘርግፎ።

ስለ አሟሟቱ “ከታነቀ በኋላ ወድቆ ነው” የሚባለውን አውቃለሁ፤ ይሁን፣ ያስኬዳል። እኔን ያስጨነቀኝ ግዢው ነው። ብሩ የእሱ ስለነበር እሱ እንደገዛ ይቆጠራል የሚሉ አሉ። ወርውሮት ከሄደ በኋላ ግን እንዴት የእሱ ይባላል? “የደም መሬት” የሚለው ስምም አለ፦ ማቴዎስ ከደሙ ዋጋ ጋር ያያይዘዋል፣ የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስ ደግሞ አሟሟቱን ተርኮ ነው ስሙን የሚያነሳው።

አንዷ ተማሪ “ታዲያ የቱ ነው ልክ?” ብላ ጠይቃኝ እሁድ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ። ደፋር ልጅ ናት፣ አትለቀኝም። አንድምታው (የቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ) እዚህ ቦታ ላይ ምን ይላል? “ዝም ብለህ እመን” ከሚለው ያለፈ መልስ ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።