ጥቆማ፦ ለሙሽራ የሚሆን ባና ደብረ ብርሃን ውስጥ ከየት ልግዛ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ታገባለች። የሚኖሩት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የሚለበስ ነገር ልሰጣት አስቤ መወሰን አቃተኝ። ከበግ ጠጉር በእጅ የሚሠራው የመንዝ ባና አለ፣ የከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ አለ፣ ሱቁን ሁሉ የሞላው ለስላሳው የቻይናም አለ። የቻይናው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ብሬ እዚሁ ሰው እጅ ቢገባ ደስ ይለኛል። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ፈታይ ሴቶች ካሉም ጠቁሙኝ።

በሬሳ ማዶ፦
ባና ግዢ፣ አለቀ። እኛ ቤት ያለው አያቴ ሲዳሩ የተሰጣቸው ነው፣ ዛሬም ይለበሳል። ይኮሰኩሳል እንጂ አያረጅም።

ቆፈኑ፦
ቆይ መጀመሪያ የኔን ስሚ። አምና ከአንድ ሱቅ "ንጹሕ የመንዝ" ተብዬ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ቤት ገባ፣ ታጠበ፣ ተሰጣ። ማታ ስተኛ እግሬን ስሸፍን ደረቴ ይወጣል፣ ደረቴን ስሸፍን እግሬ። አሁን የሕፃኑ ሆኗል። ተመልሼ ሄጄ ባለሱቁን ብጠይቀው "የበጉ ጥፋት ነው" ብሎኝ እርፍ!

መንዜው፦
በምን ውሃ ነው የታጠበው?

ቆፈኑ፦
በሙቅ ነዋ። እንዲጸዳ።

መንዜው፦
በል ሂድና በጉን ይቅርታ ጠይቀው። የበግ ጠጉር ሙቅ ውሃ ነክቶት ከታሸ ይሰበሰባል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ ጥላ ስር ነው።

ቆፈኑ፦
ታዲያ ሻጩ ለምን አልነገረኝም? ብሬን ሲቀበል አፉ ነበረው።

እማማ ሰፈር፦
እሱስ እውነቱን ነው። እኔም የገዛሁትን ብል በላው፣ ማንም ፀሐይ ላይ አውጪው አላለኝም።

የደጋ ሰው፦
ጥያቄው "ከየት ልግዛ" ነበር፣ የልብስ አጠባ ኮርስ ሆነና ቀረ። ሰርተፍኬት መቼ ነው የሚሰጠን?

ጓሳ ናፋቂ፦
እኔ የምለው፣ ባናውን ተዪና መንዝ ያለው ጓሳ ሎጅ ሁለት ሌሊት ክፈዪላቸው። ሎጁ የራሱ የማኅበረሰቡ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ወደ 400 ዓመት በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ለቤት ክዳን ለገመድ ይሆናል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስካሁን ያለው ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ የአካባቢ ሥራ የት አለ?

የደጋ ሰው፦
ግሩም ነው። ሙሽራዋ በረዳት ተባለ፣ ይባስ ብሎ 3,200 ሜትር ላይ ትውጣ።

ደብረ ሲና፦
ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ካላችሁ እኛ ጋ ቆሎ ሳትገዙ እንዳታልፉ። መንገድ ዳር ያሉትን እናቶች።

የጠባሴ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ግን ቆሎ አልጠየቅኩም 😅 ባናው እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

መንዜው፦
እህቴ፣ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ስፌቱን እዪ። የእጅ ባና ጠባብ ጠባብ ሆኖ ተሸምኖ ነው የሚገጣጠመው፣ አንድ ወጥ ሰፊ ከሆነ ጠርጥሪ። ቀጥሎ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት አቃጥዪው። የበግ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣትሽ ስታሺው ዱቄት ይሆናል። ቀልጦ ጠጠር ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ደግሞ ሱቅ ገዝተሽ "ፈታይ ደገፍኩ" እንዳትዪ። አክስቴ መንዝ ሞላሌ ናት። ጠጉሩን ታጥባለች፣ ትለቅማለች፣ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ስትፈትል ታመሻለች። ጣቷ ላይ ክሩ የቀደደው መስመር አለ። ነጋዴው ክሩን ከደጇ ወስዶ ከተማ የሚሸጥበትን ዋጋ ስትሰማ ትስቃለች፣ ሌላ ምን ታድርግ። ከቻልሽ በገበያ ቀን ራስሽ ውጪና ከሠራችው ግዢ።

ዱቤኛው፦
ነጋዴውስ የዚህ አገር ሰው አይደለም እንዴ? እኔ ከእትዬ ሱቅ በቀር የትም አልገዛም። ደሞዝ ሲዘገይ ሁለት ወር ደብተር ላይ ጽፈው ያቆዩኛል። አባቴ ሲያርፍ ሱቃቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀመጡ።

መንዜው፦
እግዜር ይስጣቸው። ባናቸውስ?

ዱቤኛው፦
አሁን አንተ ባልከው ክሩን አቃጠልኩት።

መንዜው፦
እና?

ዱቤኛው፦
ቀለጠ። ቢሆንም እትዬ አይዋሹም፣ ያመጣላቸው ሰው ነው ያታለላቸው። ሁለተኛም ከሳቸው ነው የምገዛው።

የደጋ ሰው፦
ፍቅር ይሉሃል ይህ ነው። ክብሪቱ ባከነ።

እማማ ሰፈር፦
አትሳቁበት። ቻይናው ለስላሳ ነው እንጂ ለቅሶ አይደርስም።

ቆፈኑ፦
የኔ ባለሱቅ ግን የቀብሬ ቀንም "የበጉ ጥፋት ነው" ማለቱ አይቀርም።

በሬሳ ማዶ፦
የፋብሪካውን ማንም አላነሳውም። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ስንቱን ቤተሰብ አኑሯል፣ የቅርብ ሰው አይባልም? ደግሞ አይኮሰኩስም። መጀመሪያ ባና ያልኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ጓሳ ናፋቂ፦
ሎጁን ግን አስቢበት።

የጠባሴ ልጅ፦
ሰርጉ ደምቆ አለፈ፣ ተመስገን። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙሽራዋ ብርዱን ረስታ አሁን የምታማርረው የባሏን ማንኮራፋት ነው። ለእሱ መድኃኒት የሚያውቅ አለ?

መንዜው፦
ቆይ፣ የትኛውን ነው የገዛሽው ግን?

ደብረ ሲና፦
ለማንኮራፋት እኛ ጋ ጥሩ ማር አለ።