ዝምታ ፈቃድ ነውን? ስለ ፓኬጅ ማኔጀር ቆጠራ የተደረገ ክርክር

ከለገጣፎ፦
በሰፈራችን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ዴቢያን የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ስጭን በፓኬጆች አጠቃቀም ቆጠራ (ፓኬጅ ስል የቴሌውን ሳይሆን ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል ማለቴ ነው) እሳተፍ እንደሆነ የሚጠይቀው ገጽ መጣ፤ ቀድሞ የተመረጠው መልስ «አይ» ነው። በማክና በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ፓኬጅ ማኔጀር (ፓኬጆችን የሚጭን መሣሪያ) ሆምብሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቆጠራውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ማሳወቂያ ያሳያል እንጂ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ያልፈለገ ራሱ ያጥፋው ነው ነገሩ። ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር ተገቢ ስላልመሰለኝ የዴቢያንን መንገድ እደግፋለሁ።

ከሰበታ፦
ወንድሜ፣ በመርሁ አልከራከርዎትም፤ የሚያሳስበኝ ውጤቱ ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት ፕሮጀክት የትኛው ፓኬጅ እንደሚፈለግና የትኛው ሲጫን እንደሚከሽፍ ካላወቀ ጉልበቱን በግምት ያፈሳል። ዴቢያን በመጫኛ ዲስኮቹ ላይ የትኛው ፓኬጅ እንደሚቀድም ለመወሰን በዚሁ ቆጠራ ሲጠቀም ኖሯል፤ አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንትም እዚያ የሚታየው ፈቅዶ በላከ ማሽን ልክ ብቻ ነው። ሁላችንም «አይ» ብለን ስናበቃ ፊደላችን ተረሳ ብለን ማንን ልናማርር ነው?

ከኮዬ ፈጬ፦
ሁለታችሁም ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለሚላከው ነገር አልተናገራችሁም። የዴቢያኑ ቆጠራ በማሽኑ ላይ ያሉትን ፓኬጆች ዝርዝር በየሳምንቱ ይልካል፤ አንድ መሥሪያ ቤት ለራሱ ብቻ ያዘጋጀው ፓኬጅ ካለ ስሙ አብሮ ይሄዳል። የሰው ስም አልተጻፈም ማለት ማንነቱ አይታወቅም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ብርቅ ዝርዝር ራሱ ባለቤቱን ያሳብቃል። ሆምብሩም ቢሆን እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ ቁጥሩን የሚልከው ጎግል አናሊቲክስ ወደተባለው የጎግል ኩባንያ የአጠቃቀም መቁጠሪያ ነበር፤ እኔን ከመቆጠሩ ይልቅ ያስከፋኝ ይህ ነው።

ከሰበታ፦
እህቴ፣ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆች ያደረጉትን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቆጠራው ሳይጠየቅ እንዲበራ ሐሳብ አቅርበው ተቃውሞ ሲበረታባቸው ለወጡት። በ2024 በወጣው እትም 1.23 ቁጥሩ እዚያው ተጠቃሚው ማሽን ላይ ይጠራቀማል እንጂ እሱ ይላክ እስካላለ ድረስ አይወጣም።

ከለገጣፎ፦
የፎንቱ ነገር ከንክኖኝ በራሴ ላፕቶፕ ላይ «አዎ» ብያለሁ። የክፍሉ ማሽኖች ግን የእኔ ብቻ አይደሉም፤ በሠልጣኞቹ ስም መፍቀድ ስለማልችል ሰኞ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ፣ እስከዚያው «አይ» እንዳለ ይቆያል።