ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ስንት ይበቃል?

ልጄ የ2ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የምትኖረው ከቤት ርቃ ነው። የትምህርት ክፍያዋንና የመኝታዋን እኛ ነን የምንችለው፤ እሱ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ያስቸገረን የኪስ ገንዘቡ ነው።

መጀመሪያ ወር በገባ ቁጥር ሙሉውን እንልክላት ነበር። ገና በ12ኛው ቀን «እማዬ፣ አለሽ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ሰላምታ እንዳይመስላችሁ፤ ብሩ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ከፋፍለን መላክ ጀመርን። 2 ወር በደንብ ሄደ። በ3ኛው ወር የመጽሐፍና የፎቶኮፒ ወጪ አንድ ሳምንት ላይ ተደራረበባትና ከጓደኛዋ ተበደረች። እኛ የሰማነው ቆይቶ ነው። በመጨረሻ ወጪሽን እየጻፍሽ ላኪልን አልናት። ይሄ ባሰ! «ሌላ» ተብሎ የተጻፈው ከምግቡ በልጦ ተገኘ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

አሁን የምንልክላት የሁለታችንን ገቢ ሩብ ይወስዳል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ባለቤቴ «ግማሹን እንቀንስ፣ የቀረውን ሠርታ ትሙላ» ባይ ነው። በእረፍት ወራት ብትሠራ እኔም ደስ ይለኛል። በትምህርት ወቅት ግን ላብራቶሪ እስከ ማታ ስለምትቆይ ውጤቷ እንዳይወርድ እሰጋለሁ።

ይህን ያለፋችሁ ወላጆች፣ የኪስ ገንዘቡን ልክ የወሰናችሁት በምን ነው፤ ልጁ በሚያስፈልገው ወይስ እናንተ በምታገኙት?