ባስክ አገር በካምፐር ቫን ልንሄድ ነው፣ መንገዱን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የጦሳ_ልጅ፦
ሰላም ወገን። እህቴ ቦርዶ ፈረንሳይ ነው የምትኖረው፣ ለነሐሴ እኔንና እማን ጠርታን ቪዛው አልሐምዱሊላህ ወጥቷል። ባሏ ካምፐር ቫን ሊከራይ ነው፣ ያ ውስጡ አልጋና ምድጃ ሽንት ቤትም ያለው መኪና፣ ከቦርዶ ወደ ደቡብ ወርደን ባስክ የሚባለውን አገር፣ ትንሹ ክፍሉ ፈረንሳይ ውስጥ ትልቁ ክፍሉ ስፔን ውስጥ ያለውን፣ ባሕሩን ይዘን እስከ ቢልባኦ እናያለን ብሏል። እሱ ይነዳል፣ ስልክ ይዤ መንገድ የምመራው እኔ ነኝ። ከአሁኑ ካርታውን ማጥናት ጀምሬያለሁ ግን ባየሁት ቁጥር ጥያቄ እየበዛብኝ ነው። የመሸበት ቦታ አቁሞ ማደር ይቻላል ወይስ የግድ ካምፒንግ፣ ያ እየተከፈለ የሚታደርበት ግቢ፣ መግባት አለብን? ካምፒንግስ የቱ ይሻላል? ደግሞ የከተማው ስም ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፣ ሳን ሴባስቲያን ብዬ ስፈልግ ዶኖስቲያ ይለኛል፣ አንድ ከተማ ነው? እማ ጉልበቷን ያማታል፣ ሶላቷን በሰዓቷ ነው የምትሰግደው፣ የምትበላውም ሐላል ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለኛ ስትደክም ኖራ ባሕር እንኳ አይታ አታውቅም፣ እሷን የማያደክም ጉዞ እንዲሆን ነው የምፈልገው። የምታውቁ በአላህ ንገሩኝ።

ወልድያ_ቢልባኦ፦
ማሻአላህ ወንድምዓለም፣ እማን ይዘህ መሄድህ በጣም ደስ ይላል። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፣ ቢልባኦ ነው የምኖረው፣ አሁን ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ወልድያ ገብቼ ነው የምጽፍልህ።

አዎ አንድ ከተማ ነው። ዶኖስቲያ በባስክ ነው፣ ሳን ሴባስቲያን በስፓኒሽ። ቢልባኦም ቢልቦ ይባላል፣ ቪቶሪያ ጋስቴይስ፣ ፓምፕሎና ኢሩኛ። ታፔላ ላይ የቱንም ልታገኝ ስለምትችል ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ። ሳን ሴባስቲያን ብቻ ብለህ ስትፈልግ ማድሪድ አጠገብ ያለችው ሳን ሴባስቲያን ዴ ሎስ ሬየስም ትመጣብሃለች፣ ዶኖስቲያ ብለህ ፈልግ።

ማደሩን በተመለከተ፣ ስፔን ውስጥ መኪና ማቆም ሌላ ነው ካምፕ ማድረግ ሌላ ነው። በተፈቀደ ቦታ በደንብ ካቆማችሁ ውስጥ ተኝታችሁ ማደር ትችላላችሁ፣ ግን ወንበርና ጠረጴዛ ውጭ ካወጣችሁ ወይ የጥላ ሸራውን ከዘረጋችሁ ካምፕ አደረጋችሁ ተብሎ ያስቀጣል። ከዛ ደግሞ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የራሱ ደንብ አለው፣ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ካምፐር እንዳያድር የሚከለክል ታፔላ ብዙ ነው። እማን ሌሊት ፖሊስ መስኮት አንኳኩቶ ተነሱ ቢላት ምን ይሰማታል? እኔ ብሆን ከሷ ጋር በየቀኑ ቦታ አልቀያይርም፣ አንድ ጥሩ ካምፒንግ ይዤ መኪናውን እዛ ትቼ በባቡር ነው የማንቀሳቅሳት።

ለሷ የምመርጥላት ሄንዳይ ነው። ቢዳሶአ ወንዝ ዳር፣ ድንበሩ ላይ፣ በፈረንሳይ በኩል ያለች ከተማ ናት፣ ብዙ ካምፒንግ አላት፣ ባሕር ዳሯ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ አሸዋ ነው፣ ውሃውም ቶሎ አይጠልቅም። ከሄንዳይ ዶኖስቲያ ቶፖ የሚሉት ባቡር አለ፣ 40 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው፣ ፓርኪንግ ፍለጋ የለ ምን የለ። ዶኖስቲያ ራሷ ኢጌልዶ ተራራ ላይ ካምፒንግ አላት፣ 16 ቁጥር አውቶብስ ይወስዳችኋል። ወደ ቢልባኦ መንገድ ላይ ያለችው ዛራውትስም ከባሕሩ በላይ ጉብታ ላይ ግራን ካምፒንግ የሚባለው አለ፣ እይታው ልዩ ነው፣ ግን በእግር ወደ ባሕሩ መውረዱና መመለሱ ለእማ ጉልበት አይሆንም።

ቢልባኦ ስትደርሱ መሀል ከተማ ይዛችሁ አትግቡ። ኮቤታሜንዲ የሚባል ኮረብታ ላይ የካምፐር ማቆሚያ አለ፣ ከተማው በሙሉ ከታች ይታያል፣ ከዛ በአውቶብስ ውረዱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2024 ጀምሮ መሀሉ የመኪና ጭስ ገደብ ያለበት ዞን ስለሆነ በፈረንሳይ ታርጋ ከመግባታችሁ በፊት ደንቡን አጣሩ። ሐላል ሥጋ ሳን ፍራንሲስኮ ሰፈር ታገኛለህ፣ ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አብስሉ። ፒንቾ የሚሉት፣ ዳቦ ላይ የሚደረደረው፣ የአሳማ ሥጋ ብዙ ጊዜ አለበት፣ ሳትጠይቁ እንዳትሰጧት። ዓሣ ግን እንደልብ ነው፣ ከዛራውትስ ቀጥላ ያለችው ጌታሪያ ላይ ከሰል ላይ የሚጠብሱት ዓሣ በተለይ።

ጋስቴሉጋቼ የምትባለው ደሴት ውሰዷት የሚል ሰው አይጠፋም፣ ደሴቷ ላይ ያለችው ቤተክርስቲያን ጋ ለመድረስ 241 ደረጃ ነው፣ ከላይ ሆና ትያት ይበቃታል። ይልቅ ቢልባኦ አጠገብ ፖርቱጋሌቴ ያለውን የቢስካያ ድልድይ አሳያት። በፈረንጅ በ1893 የተሠራ ነው፣ ሰውና መኪና የሚጭን ሳጥን በገመድ ተንጠልጥሎ ወንዙን ያሻግራል፣ ደረጃ ሳትወጣ ትሻገራለች። ዩኔስኮም በፈረንጅ በ2006 መዝግቦታል።

ሾፌሩ_ኮምቦልቻ፦
እህታችን ጥሩ አድርጋ ነግራሃለች፣ እኔ የመኪናውን ልጨምር። ቱሪስት ስነዳ ነው የኖርኩት፣ ከአውሮፓ በራሳቸው ካምፐር እዚህ ድረስ ነድተው የመጡ ሰዎችም ላሊበላ መርቻለሁ፣ ከነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። መኪናውን እንደተረከባችሁ ቁመቱን ጠይቁና በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ብዙዎቹ 3 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ የባሕር ዳር ፓርኪንጎች በር ላይ ግን 2 ሜትር ላይ ብረት የተጋደመባቸው አሉ። ጉግል ማፕ የመኪናህን ቁመት አይጠይቅህም፣ በጠባብ የመንደር መንገድም ሊወስድህ ይችላል። ኦስምአንድ የሚባለውን አውርድ፣ ቁመትና ክብደት ታስገባበታለህ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ የሁለቱንም አገር ካርታ ከቦርዶ ሳትነሳ ጫን። የፈረንሳይ ሲም ካርድ ስፔን ውስጥም ያለ ተጨማሪ ሂሳብ ይሠራል።

ከሄንዳይ ቢልባኦ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤፒ 8 የሚባለው ትልቁ መንገድ ያስከፍላል፣ ክፍያ ይቅርብኝ ካልከው ስልኩ በኤን 634 በየከተማው እያሽከረከረ ነው የሚወስድህ፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል። የኔ ሐሳብ፣ ረጅሙን በኤፒ 8 ሂዱ፣ ከዛራውትስ ጌታሪያ ያለችውን አጭሯን ግን በኤን 634 ንዷት፣ መንገዱ ባሕሩን ታኮ ነው የሚሄደው፣ እማ በባሕሩ በኩል ባለው መስኮት ትቀመጥ። ሄንዳይና ዶኖስቲያ መሀል ያለው ሃይስኪቤል ተራራ ላይ ከወጣችሁ ከ450 ሜትር በላይ ነው፣ ሲወርድ አማችህ የሐረጎን ቁልቁለት እንደምንወርደው በማርሽ ይያዘው፣ ፍሬን ረግጦ አይውረድ፣ የተጫነ ካምፐር ከባድ ነው። በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዱት እስከ 3500 ኪሎ ድረስ ነው፣ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፣ ተሳፋሪ ሞልታችሁ ታንከሩንም ሞልታችሁ አትነሱ። ሲነዳ ጋዙን ዝጉ። የሽንት ቤቱ ሳጥን የሚደፋው ካምፒንግ ውስጥ በተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ነው። ናፍጣ ስፔን ይረክሳል፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ ኢሩን ላይ ሙሉ። አንተ ደግሞ መታጠፊያውን ቀደም ብለህ ተናገር፣ እሱ በሰው አገር መንገድ ላይ ስልክ እንዳያይ።

ኑር_ከሐይቅ፦
ቦታ ዛሬውኑ ያዙ። በነሱ ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9 አካባቢ ዶኖስቲያ ትልቁ የበዓል ሳምንት ነው፣ እሱ ሲያልቅ ቢልባኦ ይቀጥላል፣ ካምፒንጉ ጢም ይላል። ፓስፖርት ሁሌ ከኪስ አይጥፋ፣ ሄንዳይ ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ ብዙ ጊዜ ይፈትሻል፣ ዶኖስቲያ ደርሶ መልስም ብትሆኑ ያው ነው። ለእማ ጋቢ ያዙላት፣ አገሩ በበጋውም ካፊያ አይጠፋበትም፣ ዶኖስቲያ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚዘንበው።

የጦሳ_ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ለእህቴ አሁን ደወልኩላት፣ ሄንዳይ ሜዳ ላይ ያለ ካምፒንግ እየፈለገች ነው፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንድንሄድም ተስማምተናል። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ፣ እማ ቂብላው በየት በኩል ነው ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፣ እዚህ ደሴ ወደ ሰሜን ነው የምንሰግደው። ለውዱ ውሃስ ትቸገር ይሆን?

ወልድያ_ቢልባኦ፦
እዛ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ይላል፣ ኮምፓስ ላይ 108 ዲግሪ ገደማ። ካምፒንግ ስትገቡ መጀመሪያ ስልክህ ላይ አቅጣጫውን እይና መኪናው በጎን በኩል ለሷ መስገጃ የሚሆን ሜዳ እንዲተርፍ አድርጋችሁ አቁሙ፣ እዛ ውስጥ ሸራውንም መዘርጋት ትችላላችሁ፣ ዝናብ አያገኛትም። ለውዱ አታስቢ በላት፣ ካምፒንግ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ አለው፣ ማታ ማታ ደግሞ ከመኪናው ሳትወርድ የመኪናውን ቧንቧ ትጠቀም። ሰላም በልልኝ እማን።