ግቢያችን ውስጥ ያለውን ጽድ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

የባሶናው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ባሶና ወራና፣ አባቴ ግቢ አንድ ትልቅ ጽድ አለ። ወደ ቤቱ አዘንብሏል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር እናቴ እንቅልፍ የላትም። ቆርጠን ግማሹን ለቤት፣ የቀረውን ከተማ ወስደን ልንሸጥ አስበናል። ጎረቤት «የራስህ ዛፍ፣ ማን ይጠይቅሃል» ይላል፣ አጎቴ ደግሞ «ያሳስርሃል» ይላል። ማንን ልመን? ምትክ ትከል የሚባለውስ ነገር እውነት ነው?

የአንኮበር ልጅ፦ የቱ ጽድ ነው? የፈረንጅ ጽድ ከሆነ እንደ ባሕር ዛፍ ነው የሚታየው፣ ብዙም ጣጣ የለውም። የሐበሻ ጽድ ከሆነ ግን ቆም በል። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ከተጠቀሱት ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር አብሮ የነበረ ዛፍ ነው። ያንተ የግል ነው፣ እሱ ልክ ነው፤ አዋጅ 1065/2010ም የግል ደንን ያውቃል። ቢሆንም ሀገር በቀል ዛፍ ባለሙያ ሳያየው አይነካም። ፍሬውን እየው፦ እንደ እንጨት የደረቀ ድብልብል ከሆነ የፈረንጅ ነው፣ ትንሽና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ የሐበሻ።

የባሶናው፦ ሰማያዊ ነው። ወይ ጣጣ!

ጋሽ ደን፦ ምንም አይደል ልጄ። አባትህ ለቀበሌው ማመልከቻ ይጻፉ፣ የይዞታ ደብተሩን ኮፒ ያያይዙ፣ «ለቤት ያሰጋል» የሚለው በግልጽ ይቀመጥ። ፎቶም ይኑርህ። የልማት ሠራተኛው ያየዋል፣ ከዚያ ወረዳው ግብርና የደን ባለሙያ ይልካል። ፈቃዱን በቃል እንዳትቀበል፣ ወረቀት ይሁን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው፦ መቁረጥና ማጓጓዝ ለየብቻ ናቸው። የመቁረጫ ወረቀት ይዘህ ጣውላውን አይሱዙ ላይ ብትጭን ኬላ ላይ ይያዝብሃል፣ የማጓጓዣውን አብረህ ጠይቅ።

ደብረ ሲና፦ ምትክ መትከል አለ። እኛ ስንቆርጥ ባለሙያው የዛፉን ዓይነትና ብዛት ደብዳቤው ላይ ጻፈልን። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ጽድ ግን ከተቆረጠ አለቀ፣ ስለዚህ ቢጠይቁህ አትቆጣ። ሐምሌ ላይ ትከል፣ ችግኝ ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ጠይቅ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዋንዛ አይሆንም፣ ጽድ ወይም ኮሶ ይሻላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው ችግኝ የሚፈጀው፣ በሣር ሸፍነው፤ ከብት እንዳይደርስበትም እጠረው። ባሕር ዛፍ ተክለህ «ተካሁ» እንዳትል ደግሞ፣ በተለይ ምንጭና የሰው ማሳ አጠገብ።

የባሶናው፦ ተባረኩ። ወረቀቱ እስኪመጣ ቢወድቅስ?

ጋሽ ደን፦ በቤቱ በኩል ያሉትን ከባድ ቅርንጫፎች ማስቀነሱን የልማት ሠራተኛውን ዛሬውኑ ጠይቀው። እናትህም ዛፉ ከሚያዘነብልበት በኩል ያለውን ክፍል ለጊዜው ይልቀቁ። ሽቦ በአጠገቡ ካለፈ ደግሞ መብራት ኃይል ሳይጠራ ማንም እንዳይወጣበት።