የማራገቢያ ሞተር ኩሽኔታ በየሦስት ወሩ እየሄደ ነው፤ ቀድመን የምናውቅበት መንገድ ምንድን ነው?

አዘዞ_ጥገና፦
ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። አዘዞ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ብናኝ የሚስበውን ትልቁን ማራገቢያ የሚያዞር 30 ኪሎዋት ሞተር አለ፤ በደቂቃ 1470 ዙር፣ በአራት ቺንጋ የተያያዘ፣ ከአንግል ብረት በተበየደ ፍሬም ላይ የተቀመጠ። በፑሌጃው በኩል ያለው ቁጥሩ 6312 የሆነ ኩሽኔታ ሦስት ወር ሳይሞላው መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ ይነክሳል። ግራሶ በየሳምንቱ እስኪተርፍ ድረስ ስለሚሰጠው እጥረት አይመስለንም። እስካሁን ክትትሉ በእጅ መዳሰስና በካቻቢቴ ማዳመጥ ነበር፤ አሁን በእጅ የሚያዝ የንዝረት መለኪያና የሙቀት ሽጉጥ ተገዝቷል። አዲስ ኩሽኔታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የተነበበው ይህ ነው፦ በአግድም 5.2፣ በቁም 2.1፣ በዘንጉ አቅጣጫ 1.6 ሚሊሜትር በሰከንድ፤ ሙቀቱ 82 ዲግሪ። የት የት እንለካ፣ በየስንት ቀኑ፣ ስንት ሲደርስስ እናቁም? ስልክ ላይ የሚጫን የንዝረት አፕ ይበቃችኋል የሚሉንም አሉ።

ንዝረት_ማራኪ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የሳምንቱን ግራሶ ዛሬውኑ አቁሙት። ለአንድ ኩሽኔታ የሚበቃው መጠን በቀላሉ ይሰላል፤ የውጭ ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ወስዳችሁ በወርዱ፣ ከዚያ በ0.005 ማባዛት ነው። የ6312 ውጭው 130፣ ወርዱ 31 ስለሆነ ወደ 20 ግራም ይመጣል። ከዚያ ሲያልፍ ኳሶቹ ግራሶውን እያማሰሉ ያሞቁታል፣ ዘይቱ ተለይቶ ይፈሳል፣ የሚቀረው ሳሙናው፣ ማለትም ዘይቱን አርግቶ የያዘው ክፍል ብቻ ነው። የተፈታውን አሮጌ ኩሽኔታ ክፈቱና እዩ፤ ግራሶው ጠቁሮና ደርቆ እንደ ቅርፊት በጣት ጥፍር የሚነሳ ከሆነ በሙቀት ነው የሞተው። የግራሶ ፓምፑን ምት አትገምቱ። ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ምቱ፣ በሚዛን መዝኑ፣ ለአሥር አካፍሉ። ስትሰጡ የታችኛው መውጫ ቡሽ ይከፈት፣ ሞተሩ እየዞረ ቀስ ተብሎ ይሰጠው፣ የተረፈው እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይዘጋ። ብናኝ መሃል ለሚሠራ ሞተር ከ1500 እስከ 2000 ሰዓት አንዴ ይበቃል፤ በቀን 16 ሰዓት ከሠራ ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ነው። የሊትየምና የፖሊዩሪያ ግራሶ ግን እንዳይደባለቅ፤ ብዙውን ጊዜ ቀጥኖ ይፈሳል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ከ15 እስከ 300 ኪሎዋት ላሉ ሞተሮች አይሶ 10816 ክፍል 3 የተባለው ዓለም አቀፍ የንዝረት ደረጃ (እ.ኤ.አ. በ2022 በአይሶ 20816 ክፍል 3 ተተክቷል) ጠንካራ መሠረት ላይ 2.8ን የማስጠንቀቂያ፣ 4.5ን የአደጋ ወሰን ያደርጋል። መሠረቱ የሚለጠጥ ከሆነ ወሰኖቹ 4.5 እና 7.1 ናቸው። የተበየደ የአንግል ፍሬም ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ 5.2 ለረጅም ጊዜ የሚሠሩበት ቁጥር አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የአግድሙ ከቁሙ ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ፍሬሙን ወደ ጎን የሚወዘውዝ ነገር አለ። ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፍ አድርጋችሁበት፣ ቺንጋውን አውልቁና ሞተሩን ብቻውን አዙሩት። ንዝረቱ ከወረደ ጥፋቱ ከማራገቢያው፣ ከፑሌጃው ወይም ከቺንጋው ነው፤ ካልወረደ ከሞተሩና ከእግሩ። እግሩን ለመፈተሽ ዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) አስቀምጣችሁ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፍቱ፣ አንዱን መልሳችሁ ሳታጠብቁ ሌላውን አትንኩ። ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ የሚነሳ እግር ካለ ልኩ የሆነ ቀጭን ላሜራ ከሥሩ ይግባ።

የማራገቢያውን ክንፎች ደግሞ ከፍታችሁ እዩ። በክረምት እርጥበት ዱቄቱ ክንፉ ላይ ይጋገራል፤ ከአንዱ ክንፍ ላይ ቁራጭ ሲወድቅ ሚዛኑ ባንዴ ይዛባል። ሳታጸዱ ባላንስ አታሠሩ።

ሦስት_ፌዝ፦
አዘዞ፣ ሸክም ላይ እያለ ሦስቱንም የመስመር ቮልቴጅና የእያንዳንዱን ፌዝ አምፔር ለክተህ አምጣ። ኩሽኔታ የሚሞቀው ከግራሶ ብቻ አይደለም፣ ከሞተሩ ሰውነትም ይመጣበታል። የሙቀት ሽጉጡን ደግሞ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ አታነጣጥር፣ አሳንሶ ያነባል። ሁልጊዜ በምትለካበት ቦታ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍና በእሱ ላይ አንብብ።

አዘዞ_ጥገና፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር አግድም 1.3፣ ቁም 1.0 ሆነ። እግሮቹ ደህና ናቸው። ክንፎቹ ላይ የጣት ውፍረት ያለው የደረቀ ዱቄት ነበር፣ በሁለቱ ላይ ግን ተገንጥሏል። ተፍቆ ከተገጠመ በኋላ አግድሙ 3.4 ደረሰ፤ ሙቀቱ ግን 79 ነው፣ ብዙም አልቀነሰም። የፑሌጃዎቹ ማእከል ርቀት 80 ሳንቲሜትር ነው፣ ቺንጋው መሃሉ ላይ ሲጫኑት 5 ሚሊሜትር ይረግባል። ቮልቴጁ 395፣ 385፣ 372፤ አምፔሩ 61፣ 54፣ 46።

ፑሌጃ_ልክ፦
ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። መነሻ ልኩ በአንድ ሜትር 16 ሚሊሜትር ርግበት ነው፣ ለ80 ሳንቲሜትር 13 ገደማ፤ የሚጫነው ኃይል ከቺንጋው ዓይነት ሠንጠረዥ ይወሰዳል። የእናንተ 5 ሚሊሜትር ዘንጉን ቀን ከሌት ወደ ጎን ይጎትታል፤ የሚሄደው በፑሌጃው በኩል ያለው ብቻ መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል። አሮጌው ኩሽኔታ ካልተጣለ የውጭ ቀለበቱን እዩት። ኳሱ የሄደበት መንገድ ቺንጋው በሚስብበት ወገን ብቻ ጠልቆ፣ ብረቱ እንደ ቅርፊት ተልጦ ከሆነ ማስረጃው በእጃችሁ ነው። አራቱም ቺንጋዎች አንድ ላይ ይቀየሩ፤ አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ከገባ ሸክሙን አዲሱ ብቻውን ይሸከማል። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን በተወጠረ ሲባጎ አረጋግጡ። አዲስ ቺንጋ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይላላልና ያኔ እንደገና ይስተካከል፣ በማግስቱም ይታይ።

ሦስት_ፌዝ፦
የቮልቴጁ አማካይ 384 ነው። ከአማካዩ አብልጦ የራቀው 372 ነው፣ በ12 ቮልት። 12 ለ384 ሲካፈል 3.1 በመቶ ይመጣል። የሙቀት ጭማሪው በመቶኛ በግምት የዚህ ቁጥር ስኩዌር (በራሱ ሲባዛ የሚመጣው) ሁለት እጥፍ ነው፤ ሞተሩ በተስተካከለ መስመር ላይ ከሚጨምረው ሙቀት 20 በመቶ ያህል አብልጦ ይሞቃል ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ የሞተር ስም ሰሌዳ የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ነው፤ እኛ 2000 ሜትር አካባቢ ነን፣ የሳሳ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምፔር ሙሉ በሙሉ አትጠቀሙበት።

ምንጩን ለመለየት ሦስቱን ገመዶች ሞተሩ ተርሚናል ላይ በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዛውሩ፣ ዙሩ አይገለበጥም። 61ዱ መስመሩን ተከትሎ ከሄደ ችግሩ ከአቅርቦቱ ወይም ከላላ ተርሚናል ነው፤ እዚያው ሞተሩ ጫፍ ላይ ከቀረ ከሞተሩ የሽቦ ጥቅል ነው። ያኔ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መከላከያ መለኪያ) ለአንድ ደቂቃ ለኩ፣ ከ5 ሜጋኦም በታች ከሆነ አታስነሱት።

የስልኩ አፕ አይሆንም። ብዙ ስልኮች በሰከንድ ከ100 እስከ 400 ጊዜ ነው የሚያነቡት። በ100 የሚያነብ ከ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምት) በላይ ያለውን ማየት አይችልም፤ ባለ 8 ኳስ ኩሽኔታ ግን በ1470 ዙር የውጭ ቀለበቱ ሲሰነጠቅ በ78 ኸርዝ፣ የውስጡ በ118 ኸርዝ ገደማ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ከዚህም እጅግ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ነው የሚወጣው።

ንዝረት_ማራኪ፦
ሦስት_ፌዝ ያለው ትክክል ነው፣ ስለዚህ መለኪያችሁ ላይ የንዝረቱን ፍጥነት (ሚሊሜትር በሰከንዱን) ብቻ አታንብቡ። ቁልፉን ወደ አክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ መጠን) ቀይራችሁ ሁለቱንም መዝግቡ። የኩሽኔታ ጥፋት ሲጀምር አክስለሬሽኑ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ለሳምንታት ባለበት ይቆያል። ፍጥነቱ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

ቺንጋውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ በተለመደው ሸክም ለኩ፣ መነሻችሁ እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው መነሻው ሲደመር 1.1 ይሁን (የ4.5 ሩብ ነው)፤ 2.0 ላይ ከረጋ 3.1 ሲደርስ ምክንያቱ ይፈለግ፣ በየቀኑም ይለካ። 7.1 ላይ ይቁም። እስከዚያው በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ፈረቃ፣ በተመሳሳይ ነጥብ። ነጥቡን ቀለሙን ፍቃችሁ በፑንቶ ምልክት አድርጉበት፤ የኩሽኔታው ቤት ላይ እንጂ የማራገቢያ ሽፋኑ ላሜራ ላይ አይሁን፣ ላሜራው የራሱን ንዝረት ነው የሚነግራችሁ። የቺንጋው መከለያ ሳይወልቅ መለኪያው የሚደርስበት ቀዳዳ ይበጅለት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ማራገቢያ ይቅደም። ስንዴውንና ዱቄቱን ወደ ላይ የሚያወጡት ኤሌቬተሮች የላይና የታች ኩሽኔታ አላቸው፤ ቤቱ ዝግ ነው፣ ውስጡ በብናኝ የተሞላ ነው። እዚያ የጋለ ኩሽኔታ ብናኙን አቀጣጥሎ ፍንዳታ ሊያስነሳ ይችላል። የሙቀት ሽጉጡን በየፈረቃው መጀመሪያ እዚያ ያዙት።