ሐይቅ ዳር ሰርግ፦ ስቴጁን ወዴት እናዙረው?

ጤና ይስጥልን። ሰርጋችን ጥር መጨረሻ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ነው፤ 250 ሰው፣ 25 ክብ ጠረጴዛ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ስለሚሽቀዳደም ድንኳንና ወንበር አስቀድመን ይዘናል። የቸገረን ስቴጁ ነው።

ዲኮር ሠሪው ሐይቁ ከሙሽሮቹ ጀርባ እንዲታይ ይፈልጋል። ሐይቁ ግን ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባችን ስለምትሆን ፎቶው ላይ ፊታችን ይጠቁራል፤ እንግዳውም ዓይኑን አጥብቦ ነው የሚያየን። ስቴጁን በሰሜን በኩል ብናቆመው ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ሐይቁ ግን ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀራል። የትኛው ይሻላል?

ሌላው ንፋሱ ነው። ከስቴጁ ጀርባ የሚሰቀለው 6 በ3 ሜትር ድፍን ጨርቅ ንፋስ ሲሞላው የተሰቀለበትን ብረት ይዞ ይወድቃል። ጨርቁን ትተን መረብ ላይ አበባ እንሰር ወይስ እግሮቹ ላይ የአሸዋ ጆንያ መጫን ይበቃል? ለአንድ እግር ስንት ኪሎ? ወደ ኋላ በገመድ መወጠርም አስበናል፤ ልጆች እየሮጡ እንዳይጠለፉበት ነው የፈራነው።

የጠረጴዛ ራነሩ (ጠረጴዛው መሃል ላይ የሚዘረጋው ጠባብ ጨርቅ) ከሙሽሪት ቀሚስ ጥለት ጋር እንዲመሳሰል ሸማኔ ዘንድ ልናዝ ነው፦ ለየጠረጴዛው 2 ሜትር፣ በድምሩ 50 ሜትር። ክር በተለያየ ጊዜ ሲገዛ ቀለሙ ስለሚለያይ የቀሚሱንም የራነሩንም በአንዴ ልንገዛ ነው። ኬኩ እንደሆነ ይሁን፣ እሱ አላስጨነቀንም።

ሐይቅ ዳር ደግሳችሁ የምታውቁ፣ ዲኮርም የምትሠሩ፣ እባካችሁ አማክሩን።